ሠሪው የተወው መሣሪያ

ሐርጌሳ መሐል ከተማ አንድ ሚግ-17 ተዋጊ አውሮፕላን ከአላፊ አግዳሚው ራስ በላይ ከፍ ብሎ ሐውልት ሆኖ ቆሟል። መቆሚያው ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ ሥዕሉም ከተማይቱ በ1980 ዓ.ም. ያየችውን መከራ ያስታውሳል። ከሐርጌሳ ወረዳዎች አንዱ ደግሞ 26 ጁን ይባላል። ይህ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሥር የነበረችው ሶማሌላንድ ነጻ የወጣችበት ነው። አምስት ቀን ቆይታ ሰኔ 24 በጣሊያን ሥር ከነበረው ደቡብ ጋር ተዋሐደች። ያ ውሕደት የወለደው መንግሥት የገዛ ከተማውን የደበደበው እንዲህ ባሉ ሚጎች ነው።

የሚጎቹ ታሪክ ግን ከዚያ በፊት በኦጋዴን ሰማይ የጀመረ ነው፤ የእኛም ታሪክ ነው። መሣሪያው ጥሩ ነበር፣ አብራሪዎቹም ሠልጥነው ነበር። የሠሪው እጅ ሲነሳ ግን ከጎረቤት አየር ኃይል ጋር ዳግም ሊገጥም አልቻለም። መከላከያ የሌለውን ከተማ ለማውደም ግን በቂ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ማወቅ ዛሬ መሣሪያ ለሚገዛ የአፍሪካ ቀንድ መንግሥት ሁሉ ይጠቅማል።

ጄኔራል ዚያድ ባሬ በ1962 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዙ በኋላ ሶማሊያ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞስኮ ዞረች። ሐምሌ 1966 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ሶቪየቶች በበርበራ ወደብ የባሕር ኃይል አገልግሎት አገኙ፤ ሶማሊያም በምላሹ ታንክ፣ መድፍ፣ ሚግ-17 እና ሚግ-21 አገኘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ጠንካራ ከሚባሉት ጦሮች አንዱን ታጥቃ ነበር።

ያ ሁሉ ትጥቅ ግን በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የጄት ሞተር የተወሰነ ሰዓት ከበረረ በኋላ ተፈትቶ ዳግም መሠራት አለበት። በሶቪየት ሞተሮች ላይ ይህ ሰዓት ከምዕራባውያኑ ያጠረ ነበር፤ ብዙዎቹ ደንበኛ አገሮችም ሞተሩን ለእድሳት ወደ ሠሪው ፋብሪካ ይልኩ ነበር። ጎማው፣ የሃይድሮሊክ ማኅተሙ፣ የራዳር ቱቦው፣ ሚሳይሉ፣ ሁሉም ከአንድ በር የሚመጣ ነው። የጥገናውን መጽሐፍ አንብቦ የሚያስረዳው አማካሪም ከዚያው በር የመጣ ነው።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴን ገባ። ኢትዮጵያም በዚያው ሰዓት በመሣሪያዋ ረገድ በባሰ ችግር ላይ ነበረች። የአየር ኃይሏ ዋና ክንድ የአሜሪካው ኤፍ-5 ነበር፤ አሜሪካ ግን ከየካቲት 1969 ዓ.ም. ጀምሮ ሰብዓዊ መብትን ምክንያት አድርጋ ወታደራዊ ርዳታዋን ቀንሳለች። ደርግ በሚያዝያ ወር አስመራ የሚገኘውን የቃኘው ጣቢያና የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪ ቡድን ዘጋ። ኢትዮጵያ ካዘዘቻቸው ኤፍ-5ኢዎች ከፊሎቹ ሳይደርሱ፣ የመለዋወጫው መንገድ ተዘጋ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ጎረቤታሞች የቀድሞ ደጋፊያቸውን አጡ። ሞስኮ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ ስታዞር ዚያድ ባሬ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. የወዳጅነቱን ውል ሰርዘው የሶቪየት አማካሪዎችን በሳምንት ጊዜ ውስጥ አባረሩ። ሁለቱም አየር ኃይሎች ከሠሪያቸው ተቆራረጡ። ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም።

ልዩነቱ ከአውሮፕላኑ ይልቅ በምድር ላይ ባለው ሰው ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ደብረ ዘይት ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያሳደጋቸው ቴክኒሻኖች ነበሩት። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ካደራጁት ጊዜ አንስቶ ማሠልጠኛውና የጥገና ክፍሉ ከአብራሪው እኩል ቦታ ይዘው ቆይተዋል። ኤፍ-5ም ራሱ በርካሽ እንዲገዛና በቀላሉ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ፣ አሜሪካ አቅማቸው ውሱን ለሆነ ወዳጆቿ ያዘጋጀችው አውሮፕላን ነው። በዚህ ላይ እስራኤል በጸጥታ ትረዳ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን ጥር 1970 ዓ.ም. ይህንኑ በአደባባይ ሲናገሩ ደርግ ተቆጥቶ እስራኤላውያኑን አስወጥቷል።

ስለዚህ ኤፍ-5ዎቹ ሠሪያቸው ፊቱን አዙሮም መብረራቸውን ቀጠሉ። እንደ ለገሰ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት በርካታ ሚጎችን መትተው ጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል፤ ሚጎቹ በኦጋዴን ሰማይ የተሸነፉት ሶቪየቶች ከመባረራቸው በፊት ነው፤ ለዚያ ሽንፈት የአብራሪዎቹ ብቃትና የኤፍ-5ኢ ሚሳይል ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። የሠሪው መሄድ ያደረገው ነገር ሌላ ነው፤ የተመታውን የሚተካ፣ የቆመውን የሚያስነሳ እንዳይኖር አደረገ። መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን የያዘው ጦር፣ የካቲት 26 ቀን በካራማራና በጅጅጋ ሲሸነፍ ከላይ የሚሸፍነው ክንፍ አልነበረውም። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በአየር የተጓጓዘ አዲስ የሶቪየት መሣሪያ፣ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮችና የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ተሰልፈው ነበር።

ሠሪው የተወው ጥሩ መሣሪያ በሌላውም ዓለም አለ፤ ትልቅ ጦር ያላት አሜሪካም አላመለጠችም። ኤም-16 ጠመንጃ ወደ ቬትናም ሲሄድ ቀላልና ትክክለኛ ተብሎ ተወድሶ ነበር። የጥይቱ ባሩድ ግን ተለወጠ፣ የእሳት ቤቱ በክሮም አልተለበጠም፣ ለብዙ ወታደሮችም መወልወያ አልተሰጣቸውም። ጠመንጃው በተኩስ መሐል እየነከሰ ወታደሮች ሞቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ መርምሮ ጥፋቱን በአስተዳደሩ ላይ ጣለ። ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ማግፑል የተባለው ኩባንያ ማሳዳ የተሰኘ፣ አፈሙዙም ሰደፉም የጥይት ዓይነቱም እንደ ፍላጎት የሚቀያየር ጠመንጃ አሳየ፤ ብዙ ባለሙያ ተደነቀበት። ማምረቱን የተረከበው ቡሽማስተር ግን እ.ኤ.አ. በ2010፣ መጀመሪያ ከተነገረው እጅግ በናረ ዋጋ አወጣው፤ በዚያው ዓመት በአንድ የቃታ ስበት ደጋግሞ ሊተኩስ ይችላል ብሎ መልሶ ሰበሰበው። ቃል የተገባላቸው መቀያየሪያ ክፍሎች ከፊሎቹ ዘገዩ፣ ከፊሎቹ ከቶም አልመጡም። እናት ድርጅቱ ሬሚንግተን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ከሰረ። በማሳዳ የተጎዳው ገንዘቡን ያወጣ ገዢ ነው። በእኛ አካባቢ ዋጋውን የከፈለው ሕዝብ ነው።

ከ1970 ዓ.ም. በኋላ የሶማሊያ አየር ኃይል ካገኘው በር ሁሉ የሚለቅም ሆነ። ከቻይና ኤፍ-6፣ ከአቡ ዳቢ ያገለገሉ የእንግሊዝ ሃንተር አውሮፕላኖች መጡ። አሜሪካም በበርበራ ለመጠቀም በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ተስማምታ ርዳታ ጀመረች። ሁሉም የየራሱ መለዋወጫ፣ የየራሱ መጽሐፍ፣ የየራሱ ባለሙያ ይፈልጋል። ከሌላ አገር አየር ኃይል ጋር ለመግጠም የሚያስችል ነገር ከዚያ ውስጥ አልወጣም።

መጋቢት 25 ቀን 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያው መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመደገፍ ተስማሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ መሠረት የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መቀመጫውን ከማጣቱ በፊት ግንቦት 19 ቡርዖን፣ ግንቦት 23 ሐርጌሳን አጠቃ። የሶማሊያ መንግሥት መልስ መድፍና አውሮፕላን ነበር። ሚግ-17ና ሃንተሮች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ተነስተው፣ እዚያው ሐርጌሳ ላይ ቦምብ ጥለው፣ እዚያው ያርፉ ነበር። በረራው የደቂቃዎች ነው፤ ራዳርም ሚሳይልም አይጠይቅም፤ ከላይ የሚጠብቅ ጠላት የለም። ለዚህ ተግባር ያረጀ ሞተርና ጥቂት ቦምብ ይበቃል። ከተማው አብዛኛው ፈረሰ፤ በሰሜኑ የሞተው ሰው በአሥር ሺዎች ይገመታል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ ያለው ሐርተ ሼክ በዘመኑ ከዓለም ግዙፍ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ።

ሁሉም አብራሪ አልታዘዘም። አሕመድ መሐመድ ሐሰን የተባለው አብራሪ ሐምሌ 1980 ዓ.ም. ሐርጌሳን እንዲደበድብ ሲታዘዝ ሚጉን ይዞ ወደ ጅቡቲ በረረ። በዚያው ዓመት ከኦጋዴን ጦርነት ጀምሮ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት የቆየው ለገሰ ተፈራ ተፈቶ አገሩ ገባ።

ዛሬም ሁለቱ አገሮች መሣሪያ ይገዛሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ከቱርክ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈርማለች፤ ሶማሊያም ወታደሮቿን በሞቃዲሾ ባለው የቱርክ ሠፈር ታሠለጥናለች። አንዱ ሠሪ ለሁለት ጎረቤት ሲያቀርብ፣ በክፉ ቀን የማንን መለዋወጫ እንደሚያዘገይ የሚወስነው እሱ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ዋሽንግተንና ሞስኮ የቀድሞ ደንበኞቻቸውን ያስቸገሩት በዚሁ ሥልጣን ነው። ስለዚህ የግዢ ውል ሲፈረም ከዋጋው በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ሞተሩ የሚታደሰው የት ነው? የስንት ዓመት መለዋወጫ አስቀድሞ ይገባል? የጥገና መጽሐፉና መሣሪያው ለእኛ ቴክኒሻኖች ይሰጣል? ጥያቄዎቹን ለመመለስ የደብረ ዘይት አንጋፋ መካኒኮች የሚያውቁት አለ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ ገፍተዋል፤ ልምዳቸው በማሠልጠኛ መጽሐፍ ተጽፎ መቅረት ያለበት አሁን ነው።