«ከቅኝት ወጥቷል» ያለው ማን ነው?

በጥር ወር ከለገጣፎ ተነስቶ ወደ ሰንዳፋ የሚወጣ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሰርግ ድንኳን ሳያይ አያልፍም። ባንዱ ኪቦርዱን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ አንዳንዴም ማሲንቆና ክራሩን ይዞ ከድንኳኑ ጥግ ይቆማል፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም እየተፈራረቀ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። ከሳምንታት በኋላ ቪዲዮው ይደርሳል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲያይ በሰርጉ ዕለት ማንም ያላስተዋለው ነገር ይሰማል። ዘፋኙ ከቅኝት ወጥቷል። ወዲያው ለቪዲዮ ቀራጩ ይደወልና «በኦቶቲውን አስተካክልልን» ይባላል።

ይህች አጭር ጥያቄ ብዙ የተሳሳተ እምነት ተሸክማለች። አንዳንዱ ጊዜና ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። አንዱ ግን ቅኝታችንን ራሱን ይነካል፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

«ችግሩ ዘፋኙ ነው» ከሚለው እንጀምር። ሰው የሚዘፍነውን ድምፅ ልክ የሚያስይዘው በጆሮው ነው፤ ራሱን እየሰማ በቅጽበት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህን በጆሮ ማዳመጫ ያገኛል። በድንኳን ውስጥ ግን ትልልቆቹ ማጉያዎች ፊታቸውን ወደ እንግዳው አዙረው ይቆማሉ። ወደ ዘፋኙ የዞረ ሞኒተር ብዙ ጊዜ የለም፤ ቢኖርም የኪቦርዱ ድምፅ ይውጠዋል። ለዘፋኙ የሚደርሰው ከማዶ ተጋጭቶ የተመለሰው የራሱ ድምፅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 17 ሜትር ርቆ ካለ ግንብ ደርሶ እስኪመለስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጃል። በፈጣን ጭፈራ መሐል ይህ ትልቅ መዘግየት ነው። ዘፋኙ ራሱን ለመስማት ሲል ይጮኻል፤ የሚጮኽ ጉሮሮ ደግሞ ከሚፈለገው ድምፅ በላይ መሳብ ይወዳል።

የሰንዳፋ ብርድም ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጥር ቀኗ ፀሐይ፣ ምሽቷ ቆፈን ነው። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፣ ገላውም በቆዳ የተወጠረ ነው፤ በቀትር የተቃኘው ማምሻውን ቦታውን ይለቃል። ኪቦርዱ ግን «ላ»ን በሰከንድ 440 ንዝረት ላይ አስሮ ከጧት እስከ ሌሊት አይነቃነቅም። ማሲንቆውን ተከትሎ የዘፈነ ሰው በኪቦርዱ ሲለካ ስህተተኛ ይሆናል፤ ኪቦርዱን ተከትሎ ከዘፈነም ከማሲንቆው ይጣላል። እዚህ ላይ ፍቱኑ መድኃኒት በዘፈንና በዘፈን መካከል ማሲንቆውን እንደገና መቃኘት ነው። ልምድ ያለው ማሲንቆ ተጫዋች ማንም ሳይነግረው ያደርገዋል።

«ኦቶቲውን አንድ ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት ሁሉን ያቀናል» የሚለውም ሩቅ አይወስድም። አንዲ ሂልደብራንድ በነዳጅ ፍለጋ መስክ የከርሰ ምድር ሞገዶችን በሒሳብ ሲተነትን የቆየ መሐንዲስ ነው። ያንን ዕውቀት ወደ ሰው ድምፅ አምጥቶ ኦቶቲውንን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ፕሮግራሙ አንድ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ያሰላና ቅርብ ወዳለው ኖት ይስበዋል። «አንድ ድምፅ» የሚለው ይሰመርበት። በካሜራው ማይክ ብቻ የተቀዳ ሰርግ ውስጥ ዘፋኙ፣ ኪቦርዱ፣ ከበሮውና የአክስቶች እልልታ አንድ ላይ ተቦክተዋል፤ የትኛውን ይሳብ?

ዘፋኙ በራሱ ማይክና በራሱ ትራክ ቢቀዳም ነገሩ አላለቀም። ማይኩ አጠገቡ ያለውን ክራርም ይሰማልና። የዘፋኙን ድምፅ 30 ሴንት ከፍ ስናደርገው (ሴንት ማለት በኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት አንድ መቶኛ ነው) እዚያው ማይክ ውስጥ የገባው ክራር አብሮ ከፍ ይላል። በራሱ ትራክ የተቀዳው ክራር ግን ከቦታው አልተነሳም። ውጤቱ ከራሱ ጋር የሚጣላ ክራር ነው። ዛሬ ከተደባለቀ ቅጂ የሰውን ድምፅ ነጥለው የሚያወጡ ፕሮግራሞች መጥተዋል፤ ይረዳሉ፣ ነገር ግን የእልልታና የጭብጨባ ፍርፋሪ ከዘፋኙ ድምፅ ላይ ሙሉ በሙሉ አያራግፉም።

ኤኮ ቢጨመርበት ይሸፈናል የሚሉም አሉ። ኤኮ ስህተቱን ያራዝመዋል እንጂ አይሸፍነውም፤ የተበላሸው ኖት ጅራቱን እየጎተተ በሚቀጥለው ኖት ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ማሽኑ ልክ የሆነውን ያውቃል» የሚለው እምነት ከሁሉ የከፋው ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ የሚነገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛ ቅኝት አይደለም።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ሜጀር ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ፕሮግራሙን ይከፍትና ኪቦርዱ ከዶ ስለተነሳ «ዶ ሜጀር» የሚለውን ይመርጣል እንበል። በዶ ሜጀር ውስጥ ሬ ፍላትም ሶል ፍላትም የሉም። ፕሮግራሙ ሬ ፍላትን ወይ ወደ ዶ ያወርደዋል ወይ ወደ ሬ ያወጣዋል፤ ሶል ፍላትንም ወደ ፋ ወይም ወደ ሶል ይገፋዋል። ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ አይንቀጠቀጥም፣ ስክሪኑም «ልክ ነው» ይላል። አንቺሆዬ ግን ጠፍቷል። ልጁ ከመጀመሪያው አምስቱን ኖቶች ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ቢያጠፋ ኖሮ ይህ ጉዳት ባልደረሰ ነበር። ፕሮግራሞቹ ይህን ይፈቅዳሉ፤ የሚጠይቀው ዘፈኑ በምን ቅኝት እንደተዘፈነ ለይቶ ማወቅን ነው።

ይህም ቢደረግ አንድ ነገር ይቀራል። የኪቦርዱ 12 ድምፆች እኩል በ100 ሴንት የተከፋፈሉ ናቸው። ማሲንቆ ቁልፍም ፍሬትም የለውም፤ በአንዲቱ ክር ላይ ቦታውን የሚመርጠው ጣት ነው፣ ጣቱን የሚመራው ደግሞ ጆሮ ነው። አዝማሪው የሚያርፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው። ጉዳዩ የምሁራንን ትኩረት ከሳበ ቆይቷል፤ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበችው የዶክትሬት ጥናት ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት ባሕርይ ነበር። አሁን አንድ አዝማሪ ከሬ ፍላት 40 ሴንት ከፍ ብሎ ዘፈነ እንበል። ሁሉም 12 ኖቶች የተከፈቱለት ማሽን ወደ ታች፣ ወደ ሬ ፍላት ይጎትተዋል። በሚቀጥለው ስንኝ ስሜቱ ግሎ 55 ሴንት ላይ ቢያርፍስ? ግማሹን ስላለፈ ማሽኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሬ ይወረውረዋል። በአዝማሪው ጉሮሮ የነበረው ልዩነት 15 ሴንት ብቻ ነው፤ ከማሽኑ ሲወጣ ግን ሙሉ 100 ሆነ። በጤናማው ዘፈን ላይ ስህተቱን የጨመረው አራሚው ነው።

ቅኝት በፒያኖ አይሠራም ማለቴ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን አሳይተውናል። እነሱ ግን ምን እንደሚይዙና ምን እንደሚለቁ አውቀው መረጡ። ፕሮግራሙ አይመርጥም።

ማስረቅረቁም እንዲሁ ነው። ዘፋኝ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እያንሸራተተ፣ እያስረቀረቀ ሲወርድ ጣዕሙ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። የማረሚያውን ፍጥነት ዜሮ ላይ ያደረገ ሰው ያንን መንገድ ወደ ደረጃ ይለውጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሼር «ቢሊቭ» በተባለው ዘፈኗ ሆን ብላ የተጠቀመችበት የሮቦት ድምፅ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ለቀጥታ ቅጂ እኔ የምመርጠው በእጅ መሥራትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሜሎዳይን እያንዳንዱን ኖት በስክሪን ላይ ለብቻው ያሳያል፤ የኖቱን መሐል አንቀሳቅሶ ርግብግቡን እንዳለ መተው ይቻላል።

ያለ መሣሪያ የሚዘፈነውን ግን ጨርሶ አትንኩት። በሰንዳፋም በሱሉልታም የሙሽራ አጃቢዎች በጭብጨባ ብቻ ሲዘፍኑ፣ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ ሲቀበሉ፣ ጨዋታው በሞቀ ቁጥር ድምፁ በሙሉ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ዘፈኑ ሲያልቅ ከተነሱበት ግማሽ ድምፅ ርቀው ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ስለተጓዙ እርስ በርሳቸው አልተጣሉም፤ በዓለም ዙሪያ ያለ መሣሪያ የሚዘምሩ መዘምራን ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ፕሮግራሙ ግን የመጨረሻውን ስንኝ በሙሉ ስህተት ነው ይላል።

«የድሮዎቹ ዘፋኞች ማረሚያ አላስፈለጋቸውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ ኦቶቲውን ሊፈጠር 28 ዓመት ቀርቶት ነበር፤ ዘፋኝና ባንድ አብረው ይቀዱ ነበር። ከተበላሸ ይደገማል፤ የጠቀማቸውም ይኸው መድገም ነው። የሰርግ ዘፋኝ ግን ሙሽሮቹን «ቆዩ፣ እንደገና ግቡ» ማለት አይችልም። ስለዚህ በቀጥታ ቅጂ ላይ ጥቂት ማስተካከልን እንደ ማጭበርበር አላየውም፤ ዘፋኙ ይወቀው እንጂ።

ሰርግ ያለው ቤተሰብ ቀራጩን አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የዘፋኙ ማይክ በራሱ ትራክ ይቀዳል ወይ? ለዘፋኙ ሞኒተር አለ ወይ? ከዚያ በኋላ የሚታረመው ስንኙ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ጆሮ የሚያምመው ረጅም ኖት ብቻ ይሁን፤ ተሽቀዳድመው የሚያልፉት ይቅሩ። አዝማቹ ተደጋግሞ ስለሚመጣ አንዱ ጋ የተበላሸውን ሌላ ጋ በደህና ከተዘፈነው ወስዶ መተካትም ይቻላል፤ ከሁሉ የሚሻለውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የዘፈኑት አረጋዊ አዝማሪ ከሆኑ ግን ምንም ባይነካ እመርጣለሁ። አምባሰልን እንዲህ የሚያርፍበት ጉሮሮ ነገ ላይገኝ ይችላል፤ የታረመ ቅጂ ለሚመጣው ተማሪ የሚነግረው የፕሮግራሙን ቅኝት ነው። ያልተነካው ፋይል በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የቅኝቱ ስምና ማሲንቆው ከኪቦርዱ ጋር ተቃኝቶ እንደሆነ አብሮ ይጻፍበት።