ኪያር በእርጎ፣ ለበዓለ ሃምሳ ሙቀት

ባሕር ዳር በሚያዝያና በግንቦት ምን ያህል እንደምትሞቅ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ከቀትር በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ራሱ ይሞቃል፤ ምድጃ ፊት መቆም ይሰለቻል፤ ትኩስ ወጥም ብዙ አያሰኝም። በዚህ ጊዜ እኔ ቤት የማይጠፋው ኪያር በእርጎ ነው። መሠረቱ የስዊድንና የጎረቤቶቿ ሰላጣ ነው። እዚያ በስሱ የተከተፈ ኪያር በጎምዛዛ ክሬም፣ በአቼቶ፣ በስኳርና ዲል በሚባል ቅጠል ይለወሳል። እሳት የሚባል ነገር አይፈልግም፤ የሚያስፈልገውም ሁሉ እኛው ገበያ አለ።

ስዊድን ውስጥ ቬስቴሮስ የምትባል ከተማ አለች። እንደ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት፤ ሐይቋ ሜላረን ይባላል። ድሮ በኪያር እርሻዋ ስም ስላወጣች ሰዎች ዛሬም «የኪያር ከተማ» ይሏታል። የእነሱ ሙቀት የሚገባው በእኛ ሰኔ ነው። ትልቁን የሙቀት በዓላቸውን በሰኔ አጋማሽ ሲያከብሩ ማዕዱ ላይ አሳ፣ አዲስ የወጣ ድንች፣ ጎምዛዛ ክሬምና ዲል አይቀርም። እኛ ዘንድ ግን ሰኔ ዝናቡ የሚጀምርበት፣ ብዙ ጊዜም የሐዋርያት ጾም የሚያዝበት ነው። ስለዚህ ይህ ሰላጣ እዚህ ትክክለኛ ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነው እላለሁ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ወተትና እርጎ በየቀኑ ይበላል፤ ሙቀቱም የሚበረታው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ለአራት ሰው ሁለት መካከለኛ ኪያር ይበቃል። ቀጠን ያለ፣ ጠንካራና ጥቁር አረንጓዴ የሆነውን ምረጡ፤ የወፈረውና ቢጫ የመታው ፍሬው ያስቸግራል። ሌላ ካጣችሁ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ፍሬውን በማንኪያ አውጡለት። ኪያር ውሃ ሲጠማው ይመራል፣ በዚህ ወቅት ደግሞ ብዙው ተጠምቶ ነው የሚመጣው። ምሬቱ በአብዛኛው ከግንዱ ጋር ተያይዞ በነበረው ጫፍና ከልጣጩ ሥር ስለሚሰበሰብ ጫፉን ቆርጣችሁ ቅመሱ። ደግሞ በደንብ ታጥቦ ይላጥ። ስዊድኖች ብዙ ጊዜ ከነልጣጩ ይከትፉታል፤ እኛ ግን አትክልቱ በምን ውሃ እንዳደገ ገበያ ላይ ማወቅ ስለማንችል፣ ጥሬ ለሚበላ ነገር መላጡን እመርጣለሁ።

ይህን ሰላጣ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ቀጥሎ ያለው ነው። ኪያር ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ከትፋችሁ በቀጥታ እርጎ ውስጥ ከጨመራችሁት፣ ጨው ሲነካው ውሃውን ይለቅና ገበታ ላይ ሳይደርስ ሾርባ ይሆናል። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ ቀጠነብኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ውሃውን አስቀድመን እናስወጣዋለን። ኪያሩን የቻላችሁትን ያህል በስሱ ክተፉና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ፣ በእጃችሁ አሸት አድርጋችሁ ወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት ተዉት። ሲደርስ አንዱን ቁራጭ አንሱና ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። መጀመሪያ ቀጭ ብሎ ይሰበር የነበረው አሁን ሳይሰበር ይታጠፋል፤ ቀለሙም ጠራ ብሎ ብርሃን ያሳልፋል። ያኔ በእፍኝ በእፍኝ እያደረጋችሁ ጭመቁት። አትሳሱለት፣ ጥርት ያለ ውሃ በጣቶቻችሁ መሃል እስኪወርድ ድረስ ጭመቁት። ሲበላ አሁንም ጥርስ ላይ ይሰማል፤ ሥጋው አይጠፋም።

ጎምዛዛ ክሬም ፍለጋ ሱፐርማርኬት መዞር አያስፈልግም። ከጣና ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነው፣ በከተማው ዙሪያም እርጎ ሞልቷል። ግማሽ ሊትር ወፈር ያለ እርጎ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ብታንጠለጥሉት አጓቱ ይወርድና ማንኪያ ላይ የሚቆም ክሬም ይቀራል። አጓቱን አትድፉት፣ ዳቦ ይቦካበታል።

ቅዳሜ ገበያ እርጎ ስገዛ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

«እማማ፣ የመቼ ነው?»

«የትናንት ነው የኔ ልጅ፤ ቅመሺው።»

የምቀምሰው ለጉምዛዜው ብቻ አይደለም። ዕቃው በወይራ የታጠነ ከሆነ ጭሱ እርጎው ውስጥ አለ። ለመጠጣት ከዚያ የተሻለ እርጎ አላውቅም፤ ለዚህ ሰላጣ ግን የጭሱ ጠረን ቅጠሉን ይውጠዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እቤት አረጋለሁ። ወተቱን አፍልቼ፣ ለብ ሲል ሁለት ማንኪያ የቆየ እርጎ ጨምሬ፣ ሸፍኜ አሳድረዋለሁ፤ በዚህ ሙቀት ጠዋት ረግቶ ይገኛል። ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ላለበት ቤት ያልፈላ ወተት ያረጋ እርጎ ባይቀርብ ይሻላል።

የቀረው አጭር ነው። በጠለለው እርጎ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። የስዊድኑ አሠራር አቼቶ ያበዛል፤ የእኛ እርጎ ራሱ ስለሚጎመዝዝ ቀስ በሉ። ጨው አትጨምሩ፣ ኪያሩ ይዞ መጥቷል። በዲል ፋንታ የእንስላል ቅጠል ጥሩ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። እንስላል ጣፋጭ ጠረኑ ስለሚያይል የአንድ ቀንበጥ ለጋ ቅጠል በደቃቁ ከትፋችሁ ነስንሱ። ከኪያሩ ጋር ለውሳችሁ ለግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙት።

አቀራረቡ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ከአሳ ጋር ይቅረብ። ቆሮሶ በሙሉው ተጠብሶ፣ ቆዳው ተንኮሻኩሾ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ሲመጣ ይህ ሰላጣ ከጎኑ ያስፈልገዋል። ዳጣው አፍ ሲያቃጥል ቀዝቃዛው እርጎ ያበርደዋል፤ የዘይቱንም ክብደት ያቀለዋል። ሰላጣው ውስጥ ሚጥሚጣ የሚጨምሩ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ ቃጠሎው አሳው ላይ ይበቃል።

ሙቀቱ በዓቢይ ጾም ቀድሞ ከገባስ? መጋቢት ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ለዚህ ሱፍ አለን። አንድ ኩባያ ሱፍ ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ፣ ቀቅላችሁ ውቀጡት ወይም በጁስ መፍጫ ፍጩት፤ በጥቂት ውሃ በጥብጣችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ለፍትፍት ከምታደርጉት ውሃ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ወፍሮ እንዲወርድ። ሱፍ በራሱ ስለማይጎመዝዝ በአቼቶው ፋንታ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት፤ የዘጌ ሎሚ ካገኛችሁ የአንዱ ይበቃል። ስኳሩን ተዉት። በእንስላሉ ምትክ ደቀቅ ያለ ቃሪያና ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ይስማማዋል። እውነቱን ልናገርና፣ ቤተሰቤ ውስጥ ከእርጎው ይልቅ የሱፉን የሚመርጡ አሉ፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላም አሠሪ ይሉኛል።

ሁለቱም በተሠሩበት ቀን ቢበሉ ነው የሚጥሙት። ኪያሩ የቱንም ያህል ቢጨመቅ ሲያድር ጥቂት ውሃ መልቀቁ አይቀርም። ከተረፈ ፍሪጅ አሳድሩትና በማግሥቱ ድንች ቀቅላችሁ፣ ገና ለብ እንዳለ ቆራርጣችሁ ለውሱበት፤ ድንቹ የተለቀቀውን ውሃ ይመጠዋል፣ ምሳም ይሆናል።