የቆየ ኮምፒውተር ሲያዘግም

በወረዳ ጽሕፈት ቤቶቻችን ከሚገኙት ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ ያላቸው ራም 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት በሚዘጋጅበት ሰሞን ማዝገም ሲጀምሩ ብዙዎቻችን የቆዩ ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ወደ መሰረዝ እንቸኩላለን። ይህ የሃርድ ዲስኩን ቦታ እንጂ ራሙን አያስለቅቅም፤ ከመስክ የመጣ ፎቶግራፍ ደግሞ አንዴ ከጠፋ ምትክ የለውም።

ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሻግራል፤ ዲስኩ እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑም ሥራው ሁሉ ይጓተታል። ስለዚህ በዊንዶውስ 10 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነን «ታስክ ማናጀር»ን እንክፈት። «ሜሞሪ» የሚለውን ስንጫን ብዙ ራም የያዘው ፕሮግራም ከላይ ይሰለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በርካታ ገጾች የተከፈቱበት የኢንተርኔት ማሰሻ ነው። ሥራችንን አስቀምጠን እንዝጋው። «ስታርትአፕ» በሚለው ሥርም ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን አላስፈላጊ ፕሮግራሞች ማስቆም ይቻላል፤ ጸረ ቫይረሱን ግን አንንካ።

ይህም ካልበቃ፣ ራም መጨመር አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ይረክሳል።