የትምህርት ክፍል ምርጫ በአንደኛ ዓመት፦ ፍላጎት፣ ውጤትና የምደባ ደንብ

መግቢያ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሞሉት የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ፣ በወረቀትም ይሁን በኮምፒዩተር፣ የትምህርት ክፍሎችን ስም በቅደም ተከተል ከማስፈር ያለፈ ብዙ ነገር አይጠይቅም። ቅጹ አጭር ቢሆንም መዘዙ ረጅም ነው። በአብዛኛው አራት ዓመት፣ በምሕንድስናና በሕግ አምስት ዓመት፣ በሕክምና ደግሞ ከዚያ በላይ የሚወስድ ትምህርት በእርሱ ይወሰናል። ተማሪው የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተና፣ በኋላም ለቅጥር የሚያመለክትበት የሥራ መደብ ከዚሁ ይመነጫሉ። የዚህ ቡለቲን አንባቢዎች ነገሩን ከራሳቸው ሕይወት ያውቁታል፤ የሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ማስታወቂያ አመልካቹ በተመሳሳይ ወይም በተዛማጅ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው ሲጠይቅ፣ በአሥራ ዘጠኝና በሃያ ዓመት ዕድሜ የተሞላ ቅጽ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። በመጀመሪያ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ከየት እንደ መጣና ምን ሁለት ሥራ እንደ ተጣለበት ያሳያል። ቀጥሎ ስለ ሙያ ምርጫ የተሰነዘሩ ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦችን ከእኛ ሁኔታ ጋር ያገናዝባል። በመጨረሻም ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠውን የምደባ ደንብ በምሳሌ ይተነትናል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ተማሪው መልካም ምርጫ እንዲያደርግ ራሱንና ሙያውን ማወቁ ብቻ በቂ አይደለም፤ ምርጫው በምን ደንብ እንደሚስተናገድም ማወቅ አለበት የሚል ነው።

ከመሰናዶ ወደ ፍሬሽማን

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ተማሪዎች ወደየመስካቸው ከመግባታቸው በፊት የፍሬሽማን ዓመት ያሳልፉ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ሲውል 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሆኑ። በዚህም ምክንያት ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ተነሥቶ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ከ2001 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ 70 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ የሚሆኑት ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ እንዲመደቡ የሚያዝዘው ፖሊሲ ተግባራዊ ሆነ። ምርጫው ከተማሪው ዝንባሌ በፊት በሀገራዊ የሰው ኃይል ዕቅድ ተከልሎ ነበር ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት በአዲስ መልክ ተመለሰ። ተማሪዎች ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብን፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊ፣ ሒሳብን፣ አንትሮፖሎጂን፣ ሥራ ፈጠራንና ሌሎችንም ኮርሶች በጋራ ይማራሉ። የዚህ ዓይነቱ ዓመት አንዱ ጥቅም ወጣቱ ከአንድ መስክ ጋር ከመታሰሩ በፊት የዕውቀትን ስፋት እንዲያይ ዕድል መስጠቱ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ዓመት ሌላ ሥራም ተሰጥቶታል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍል ምደባ የሚከናወነው በዚህ ዓመት በተገኘ አማካይ ውጤት፣ በአንዳንዶቹም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ተዳምሮበት ነው። ስለዚህ ያው ኮርስ በአንድ በኩል የማሰሻ፣ በሌላ በኩል የማበጠሪያ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ሁለቱ ሥራዎች ይጋጫሉ። ማሰስ መሳሳትን ይጠይቃል፤ ያልለመዱትን መሞከርን፣ ከተሰጠው ንባብ ውጭ መውጣትን ይጠይቃል። ውድድር ግን ስሕተትን ያስቀጣል። እያንዳንዱ ነጥብ በምደባ ላይ እንደሚቆጠር የሚያውቅ ተማሪ የሎጂክን ኮርስ ሲማር «ይህ ነገር ይስበኛልን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ምን ይፈተናል?» ብሎ ቢጠይቅ ሊወቀስ አይገባም።

ጽንሰ ሐሳቦቹ ምን ይላሉ?

የሙያ ምክር እንደ ጥናት መስክ የሚጀመረው በአብዛኛው ከአሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ ነው። ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ የሙያ ምክር ቢሮ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ዐርፎ መጽሐፉ በተከታዩ ዓመት ታተመ። የእርሱ ትምህርት በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል፦ ራስን ማወቅ፣ የሥራውን ዓለም ማወቅ፣ የሁለቱን ግንኙነት በማስተዋል መመዘን። ጆን ሆላንድ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን አሳብ አስፋፍቶ የሰዎችን ዝንባሌና የሥራ አካባቢዎችን በስድስት ዓይነት መደበ፦ በእጅ ሥራና በመሣሪያ የሚያተኩር፣ መርማሪ፣ ጥበባዊ፣ ማኅበራዊ፣ አስተባባሪና አሳማኝ፣ ሥርዓትና መዝገብ ወዳድ። ሰውና የሥራ አካባቢው ሲገጣጠሙ እርካታና ጽናት ይጨምራሉ ይላል።

ዶናልድ ሱፐር በበኩሉ የሙያ ምርጫ የአንድ ቀን ውሳኔ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ሂደት መሆኑን አስተማረ። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ አራት ዓመት ገደማ ያለውን ዕድሜ የአሰሳ ዘመን ብሎ ሰይሞታል። በእኛ ሥርዓት ግን ተማሪው በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም ማኅበራዊ ሳይንስን ሲመርጥ ገና በዚህ ዘመን መግቢያ ላይ ነው፤ የትምህርት ክፍሉን ሲመርጥም ዘመኑ አልተፈጸመም። ተቋሙ ውሳኔ የሚጠይቀው ተፈጥሮ ገና ማሰስ በምትጠይቅበት ዕድሜ ነው ለማለት ይቻላል።

ሌንት፣ ብራውንና ሃኬት እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ማኅበራዊ የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስላል። በእነርሱ አመለካከት ፍላጎት ብቻውን አይቆምም። «እችለዋለሁ» የሚል እምነትና «መጨረሻው ያዋጣኛል» የሚል ግምት ይቀርጹታል፤ እነዚህም በአካባቢው ድጋፍና እንቅፋት ይወሰናሉ። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪን የተማረ ወጣት «ኬሚስትሪ አልወድም» ቢል፣ የተናገረው ስለ ዝንባሌው ሳይሆን ስላላገኘው ዕድል ሊሆን ይችላል። ወላጅ «ሐኪም ሁን» ወይም «ኢንጂነር ሁኚ» ሲል የሚያስተላልፈውም ከሙያው ዕውቀት ይልቅ ሙያው በመንደሩ ያለውን ክብር ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ጥምጥሙ፣ ማለትም የሙያው ስም ነው፤ ትምህርቱ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከገቡ በኋላ ነው።

የምደባው ደንብ

ከላይ ያየናቸው ጽንሰ ሐሳቦች ሁሉ መራጩ የመረጠውን ያገኛል ብለው ይነሣሉ። ቦታ ውስን ሲሆን ግን በፍላጎትና በውጤቱ መካከል ደንብ ይገባል። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1962 የጀመሩት የምደባ ጥናት የሚያሳየው፣ ያው የተማሪዎች ምርጫ በተለያየ ደንብ ሲስተናገድ የተለያየ ውጤት እንደሚሰጥ ነው። ሁለት ደንቦችን በምሳሌ እንመልከት።

ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ተማሪዎች አሉ እንበል፤ አማካይ ውጤታቸው በቅደም ተከተል 3.8፣ 3.5 እና 3.2 ነው። ሦስት የትምህርት ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ አላቸው፦ ሶፍትዌር፣ ሲቪልና የውኃ ሀብት ምሕንድስና። ሀ እና ለ ከልባቸው የሚፈልጉት ሶፍትዌርን፣ ቀጥሎ ሲቪልን፣ በመጨረሻ የውኃ ሀብትን ነው። ሐ ግን ሲቪልን ያስቀድማል፤ ሶፍትዌርን ሁለተኛ፣ የውኃ ሀብትን ሦስተኛ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ደንብ «በውጤት ተራ» ይባል። ከፍተኛ ውጤት ያለው ተማሪ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ ካሉት ክፍት ቦታዎች በዝርዝሩ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠውን ያገኛል። በዚህ መሠረት ሀ ሶፍትዌርን፣ ለ ሲቪልን፣ ሐ የውኃ ሀብትን ያገኛሉ።

ሁለተኛው ደንብ «በምርጫ ተራ» ይባል። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በመጀመሪያ ዙር የሚያየው አንደኛ ምርጫ ያደረጉትን ብቻ ነው፤ ከእነርሱ መካከል በውጤት ይለያል። ቦታ ከተረፈ ሁለተኛ ምርጫ ያደረጉትን ያያል። በዚህ ደንብ ሀ ሶፍትዌርን ያገኛል። ሐ ሲቪልን አንደኛ ያደረገ ብቸኛው ተማሪ ስለሆነ ቦታውን ይወስዳል። ለ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ሲመጣ ሲቪል ሞልቷል፤ የውኃ ሀብት ይደርሰዋል። 3.5 ያለው ተማሪ ልቡን በእውነት በመጻፉ፣ 3.2 ያለው የወሰደውን ቦታ አጣ። ለ ሲቪልን አንደኛ አድርጎ ቢጽፍ ኖሮ ግን በውጤቱ በልጦ ያገኘው ነበር።

የልዩነቱ ትርጉም ግልጽ ነው። በውጤት ተራ በሚሠራ ደንብ፣ ተማሪው የፈለገውን ያህል ክፍል መዘርዘር እስከ ቻለ ድረስ፣ እውነተኛ ፍላጎቱን በመጻፉ የሚያጣው ነገር የለም። በምርጫ ተራ በሚሠራ ደንብ ግን እውነቱን መጻፍ ሊያስጎዳው ይችላል፤ ሌሎች ምን እንደሚጽፉ መገመት ይኖርበታል። ግምቱን የሚያሳካው ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወንድም፣ እኅት ወይም የሀገር ልጅ ያለው ነው። ከሩቅ ወረዳ መጥቶ የሚጠይቀው የሌለው ወጣት ጨዋታውን ሳያውቅ ይጫወታል።

ይህ የወረቀት ላይ ጭንቀት ብቻ አይደለም። የሙያ ምክር በተጀመረበት በዚያው በቦስተን ከተማ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ምደባ ለረጅም ጊዜ በምርጫ ተራ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። አብዱልቃድሮግሉና ሶንሜዝ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የደንቡን ጉድለት ካሳዩ በኋላ፣ በ2005 ከተማው ደንቡን ለወጠ። ለለውጡ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ደንቡ መረጃ ያላቸውን ወላጆች ጠቅሞ የሌላቸውን መጉዳቱ ነበር።

ምን ሊደረግ ይገባል?

ለዩኒቨርሲቲ አስተዳደር የሚቀርበው ምክር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሬጅስትራሩ ምደባው በየትኛው ደንብ እንደሚከናወን፣ የድጋፍ ነጥብ ለማን እንደሚሰጥ፣ እኩል ውጤት ያላቸው እንዴት እንደሚለዩ ከምርጫው በፊት በጽሑፍ ቢያሳውቅ፣ ያለፈውን ዓመት የየትምህርት ክፍሉን የመቁረጫ ነጥብም አብሮ ቢለጥፍ፣ በወሬ የሚተላለፈው መረጃ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ደንቡ በውጤት ተራ ከሆነም «ከልባችሁ የምትፈልጉትን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ አትጎዱበትም» ብሎ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው።

ለተማሪው ደግሞ የፓርሰንስ ሦስት ነጥቦች ወደ ተግባር ሊመለሱ ይችላሉ። የትምህርት ክፍሉን ስም ሳይሆን ሥርዓተ ትምህርቱን ማንበብ፤ በተለይ የሦስተኛ ዓመት ኮርሶችን፣ የመስኩ እውነተኛ መልክ የሚታየው በእነርሱ ነውና። አንድ የተመራቂ ክፍል ተማሪና አንድ በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ፈልጎ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልህ?» ብሎ መጠየቅ፤ ስለ ሙያው ክብር ከሚሰጠው አጠቃላይ መልስ ይልቅ የአንድ ቀን ውሎ ብዙ ያስተምራል። ከአንደኛ ምርጫ እኩል ለሦስተኛና ለአራተኛው ምርጫ ጊዜ መስጠትም ያስፈልጋል፤ በምሳሌያችን እንደታየው ተማሪው ሦስተኛ ምርጫው ሊደርሰው ይችላል።

ያልመረጠው ክፍል የደረሰው ተማሪም መንገዱ አልተዘጋም። ሚቸል፣ ሌቪንና ክሩምቦልትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት፣ ያልታሰበ አጋጣሚ በእያንዳንዱ ሰው የሙያ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው፤ ልዩነት የሚያመጣው አጋጣሚውን በጉጉት፣ በጽናትና በተለዋዋጭነት መቀበል መቻል ነው። የውኃ ሀብት ምሕንድስና የደረሰው ለ፣ የወንዞችን ፍሰት በኮምፒዩተር መቅረጽን ቢመርጥ የሶፍትዌር ዝንባሌውን ይዞት ሊቀጥል ይችላል። ይህን የሚያሳየው መምህር ወይም አማካሪ ግን ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ጉዳዩን አጣዳፊ አድርጎታል። ተማሪው ወዶ ያልገባበትን መስክ እንደምንም አጠናቅቆ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ በዚያው መስክ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ምርጫና ውጤት ምን ያህል እንደሚገናኙ መመርመር ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥሩ የጥናት ርእስ ነው። የምርጫ ቅደም ተከተሉ፣ የመጨረሻው ምደባና የመውጫ ፈተናው ውጤት ሦስቱም በዩኒቨርሲቲዎች እጅ ያሉ መረጃዎች ናቸው። ስም ተሰውሮ ቢጣመሩ፣ አንደኛ ምርጫውን ያገኘና አምስተኛው የደረሰው ተማሪ በምን እንደሚለያዩ፣ ልዩነቱም በየትኛው ዓመት እንደሚጀምር ሊታይ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ግን የዚህ ቡለቲን አንባቢ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ብዙዎቻችን የፍሬሽማን ኮርሶችን እናስተምራለን ወይም እናግዛለን። የምርጫው ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ባለው ሳምንት ከክፍል ሰዓት ሃያ ደቂቃ ወስዶ ደንቡን በሦስት ተማሪዎችና በሦስት ክፍሎች ምሳሌ ማስረዳት፣ የሚጠይቀው ዘመድ ለሌለው ተማሪ ትልቅ ውለታ ነው።