የጭቃ ቤቱ በርካሽ ይሠራል፤ መሬቱስ?

«በጥቂት ገንዘብ ትንሽ መሬት አግኝተን፣ ጎጆ ቀልሰን፣ ጎመንና ድንች ተክለን መኖር እንችላለን ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከዓለም ገና፣ ከቡራዩና ከሱሉታ ወገኖች ደጋግመን እንሰማለን። የቤት ኪራይ የከበደው ሰው እንዲህ ማሰቡ አያስደንቅም። ስለዚህ ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንወዳለን።

አስቀድመን ስለ ቤቱ እንናገር፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። የጭቃ ቤት በባሕር ዛፍ ምሰሶና ማገር ይቆማል። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየተጨመረበት ለብዙ ቀናት ከቦካ በኋላ ይመረጋል። ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን ሁለተኛው ምርግ ይደፍነዋል። የዚህ ቤት ጠላቶች እርጥበትና ምስጥ ናቸው። መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሠረቱ በድንጋይ ከመሬት ከፍ ይበል፤ በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፤ ጣራው ከግድግዳው ወጣ ይበል፤ የሚቀበረው የእንጨት ጫፍም የተቃጠለ ዘይት ይቀባ።

ከባዱ ነገር መሬቱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ሽያጩን ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጸና። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ቤትና የተከለውን ዛፍ ግን የራሱ ንብረት አደረገለት። እንግዲህ ገበሬው ቤቱን መሸጥ ይችላል፤ የእርሻ መሬቱን ግን መሸጥ አይችልም። ደላላው የሚያዘጋጀው ወረቀት ብዙ ጊዜ «ስጦታ» ወይም «ብድር» የሚል ቃል የሚይዘው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ክርክር ሲነሣ ገዢውን አያድነውም።

ወደ ጅማና ወደ ቡታጅራ የሚሄዱት መንገዶች በሚለያዩባት በዓለም ገና ይህ ነገር በግልጽ ይታያል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ትናንት ጤፍ ይታጨድበት የነበረው ማሳ በጨረቃ ቤት ተሞላ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው የሸገር ከተማ ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ቤተሰብም ያለ መጠለያ ቀረ። ገበሬውም ቢሆን አልተጠቀመም። የተቀበለው ገንዘብ ቶሎ ያልቃል፤ ልጆቹ የሚያርሱት መሬት ግን አይመለስም።

ታዲያ ምን መንገድ አለ? በከተማ ክልል ውስጥ የሊዝ ጨረታ፣ በሕግ የተቋቋመ የቤት ሥራ ማኅበር፣ ወይም ካርታ ያለውን ቤት ገዝቶ ስሙን በጽሕፈት ቤት ማዛወር ነው። በገጠር ደግሞ የእርሻ መሬት ከገበሬው በጽሑፍ ውል መከራየትና ውሉን በወረዳው የመሬት አስተዳደር ማስመዝገብ ይቻላል። ይህ ግን ለተወሰነ ዘመን ለማረስ እንጂ ቋሚ ቤት ለመሥራት አይደለም። ከገበሬ ቤተሰብ የመጣና በእርሻ ለመኖር የቆረጠ ሰው በትውልድ ቀበሌው በውርስ ወይም በስጦታ የሚያገኘውን ይዞታ ይጠይቅ። ከዓለም ገና ቢርቅም፣ ጎጆ ቀልሶ ጓሮ ለማልማት የተሻለው ተስፋ በዚያ ይገኛል።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር መርምሩ፦ ይዞታው በማን ስም ነው? የሚስቲቱ ፈቃድ አለበት? ቦታው ዛሬ የገጠር ነው ወይስ የከተማ? በፕላኑ ላይስ ለምን ተመድቧል? መልሱን ከደላላው ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ፈልጉ።

ለሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞችም አንድ ቃል አለን። ሰዎች «እናንተ ከፈረማችሁ ይበቃናል» ይላሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በዓናቶት እርሻ ሲገዛ ምስክሮቹ የፈረሙት በግልጽ በተጻፈና በታተመ ውል ላይ ነበር። እናንተም ያላነበባችሁትን ወይም እውነቱን በሚሸሽግ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የዐሥር ዓመት ቁጠባ የያዘች መበለት የምታምነው ወረቀቱን ሳይሆን ስማችሁን ነው።