ስለ ለውዝ አደራረቅና አቀማመጥ በአሶሳ አገር

«ወልዶ መሳም፣ ዘርቶ መቃም» የሚለው የአባቶች ምርቃት ልጅንና እህልን በአንድ ቃል ያጣመረ ነው። የእርሻ መሐንዲሶችና የሕክምና ሊቃውንት በብዙ ዓመት ድካም የመረመሩት ነገር ደግሞ፣ ምርቃቱ ሁለቱን ያለ ምክንያት እንዳላጣመራቸው አስረድቷል። በሚገባ ያልደረቀ እህል ጎተራን ብቻ ሳይሆን ልጅንም የሚጎዳ ሆኖ ተገኝቷልና።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፣ እንዲሁም በመተከልና በካማሺ ዞኖች ገበሬው ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሰሊጥና ለውዝ ያመርታል። ከእነዚህም መካከል ለውዝ (ኦቾሎኒ) ለገበያም ለቤትም የሚሆን፣ ቅባቱ የበዛ፣ የሕፃናትንም ሰውነት የሚገነባ ፍሬ ነው። የዚህ አገር ዝናም ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ለውዙም የሚነቀለው ዝናሙ ሊያልቅ ሲል ወይም እንዳለቀ ስለ ሆነ፣ ከመሬት የሚወጣው አፈሩ ገና ርሶ ሳለ፣ ሌሊቱም ጤዛ ሳይለየው ነው። የገበሬው ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ በማሳ ያማረው ምርት በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።

ይህን ጉዳይ የሚመረምረው ጥበብ የእርሻና የሕያዋን ነገሮች ምህንድስና ነው። ሥራውም ድልድይና ሕንፃ መሥራት አይደለም፤ እህል ከተሰበሰበ በኋላ እንደሚተነፍስ፣ ሻጋታ በእርጥበት እንደሚራባ፣ እርሾም ሊጥን እንደሚያቦካ ዐውቆ፣ ሕይወት ያለው ነገር የሚያደርገውን ለውጥ በሙቀት፣ በአየርና በውኃ ልክ መምራት ነው። በዚህ ጥበብ የዶክተርነት ማዕርግ ለማግኘት የሚደክም ሰው አንዲት ጠባብ ጥያቄ ይዞ ሦስትና አራት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። ለምሳሌ ለውዝ በምን ያህል ሙቀት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ነፋስ ቢደርቅ ጣዕሙ ሳይጠፋ ከሻጋታ ይድናል ብሎ ይጠይቃል፤ ፍሬውን በየሰዓቱ እየመዘነ የወጣውን ውኃ ይጽፋል፤ የአንዱን ዓመት ውጤት በሌላው ዓመት ይፈትናል። በኢትዮጵያ የከፍተኛ እርሻ ትምህርት መሠረት የተጣለው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት፣ በኋላም በአለማያ በተከፈተው ኮሌጅ ሲሆን፣ ያ ኮሌጅ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። በአሶሳም የእርሻ ምርምር ማእከልና ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ቀጥሎ የሚነበቡት የዓመት ቍጥሮችም ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሻጋታው መርዝ በዓለም የታወቀው በእንግሊዝ አገር በደረሰ ጥፋት ምክንያት ነው። በ1960 ዓ.ም. ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። መርማሪዎች መኖውን ቢፈትሹ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ በፋጉሎውም ውስጥ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የሚባለው ሻጋታ የሠራው መርዝ ነበረበት። መርዙም ከሻጋታው ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ በዐይን አይታይም፤ በተለመደው ቅቀላና ቆሎ ፈጽሞ አይጠፋም፤ የሚያጠቃውም ጉበትን ነው። በብዛት የበላውን ሰው በአጭር ጊዜ ይገድላል፤ ጥቂት በጥቂት ለብዙ ዓመት የበላውን ደግሞ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፤ ይልቁንም ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ባለበት ሰው ላይ ይበረታል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል፣ በ2004 ዓ.ም. በምሥራቅ ኬንያ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። እርጥበቱ ሳይለቀው በየቤቱ የተከማቸ በቆሎ ተበልቶ 317 ሰዎች ታመው፣ ከእነርሱም 125ቱ ሞተዋል። በኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ከአገሩ ምሥራቅ ከተሰበሰቡት 120 የለውዝ ናሙናዎች በ93ቱ መርዙን አግኝቷል፤ ልኩም በአንድ ኪሎ ለውዝ ከ15 እስከ 11,900 ማይክሮግራም ነበር። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። የአውሮጳ ኅብረት በቀጥታ ለሰው ምግብ በሚቀርብ ለውዝ ላይ የፈቀደው ግን በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የምሥራቁ አገር አየር ከአሶሳ አየር ቢለይም የሻጋታው ሕግ አንድ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ባገኘበት ቦታ ሁሉ ይራባል።

ለውዝ ሲነቀል ከመቶ 35 እስከ 50 እጁ ውኃ ነው። ሻጋታው የሚገታው የፍሬው ውኃ ከመቶ 8 እጅ በታች ሲወርድ ነው፤ ማሽላና በቆሎ ደግሞ ከመቶ 13 እጅ በታች ሊወርዱ ይገባቸዋል። እንግዲህ አደጋው ያለው ከመነቀሉ እስከ መድረቁ ባሉት ቀኖች ውስጥ ነው። እነዚህ ቀኖች ባጠሩ ቍጥር ፍሬው ይድናል፤ በረዘሙ ቍጥር ግን ሻጋታው ጊዜ ያገኛል። ደግሞም የደረቀ ፍሬ ከእርጥብ አየር ውኃ መልሶ ይጠጣል፤ ቀን በፀሐይ የደረቀው ማታ ሳይሸፈን ቢቀር የቀኑ ድካም በከፊል ይጠፋል።

በገበሬውና በነጋዴው ዘንድ የሚታዩ ሁለት ልማዶች ይህን ጉዳት ያከፉታል። አንደኛው፣ ቅርፊቱ ለእጅ ፍልፈላ እንዲለሰልስ፣ አንዳንዴም ሚዛን እንዲያነሣ፣ በደረቀው ለውዝ ላይ ውኃ መርጨት ነው፤ ይህ በብዙ ድካም የወጣውን ውኃ መልሶ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። ለገበያ የሚሆነው ፍሬ ሲለቀም የተጨማደደው፣ የጠቈረውና የሻገተው ለብቻ ይወጣል፤ የተለቀመው ክፉ ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ አይጣልም። ተቈልቶ ወይም ተወቅጦ በቤት ይበላል፤ አለዚያም ተጨምቆ ፋጉሎው ለከብት ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን መልካሙ ፍሬ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ መርዙ የተከማቸበት ግን ለዘሪው ልጅ ይቀራል። እናቲቱ ይህን የምታደርገው ልጇን ለመመገብ ነው እንጂ ለመጉዳት አይደለም፤ የነገራት ሰው ስለ ሌለ ብቻ ነው። ለላም የተሰጠውም መርዝ በወተት በኩል ወደ ሰው ይመለሳል።

መድኃኒቱ ግን ከአገሩ አቅም በላይ አይደለም። ለውዙ መድረሱ የሚታወቀው ቅርፊቱ ሲከፈት የውስጡ ገጽ ጠቈር ብሎ ሲገኝ ነው፤ ከዚያ በላይ በመሬት ቢቈይ ምስጥ ይበሳዋል፣ በቀዳዳውም ሻጋታ ይገባል። ሲነቀልም ፍሬው ወደ ሰማይ፣ ቅጠሉ ወደ ምድር ተደርጎ ይዘርጋ። ከዚያም በኋላ በባዶ መሬት ላይ መከመር አይገባም። አሶሳ በሽመል የታወቀ አገር ነውና ከመሬት ከፍ ያለ የሽመል ቆጥ ሠርቶ ፍሬውን በላዩ በስሱ ማስጣት ይቻላል፤ ነፋሱ ከላይም ከታችም ያገኘዋል፤ ማታና በዝናም ጊዜ ደግሞ ሸራ ይለብሳል።

የመሐንዲሶቹ ማድረቂያም የተመሠረተው በዚሁ በነፋስና በሙቀት ኀይል ላይ ነው። አየር በ10 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ የእርጥበቱ ልክ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከፍሬው የበለጠ ውኃ ይወስዳል። በጀርመን አገር የሆህንሃይም ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ያወጡት የፀሐይ ማድረቂያ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ረዥም መተላለፊያ ሆኖ፣ በፀሐይ የሞቀውን አየር በፍሬው ላይ የሚያሳልፍ ነው። ነገር ግን ሙቀት በበዛ መጠን ጥቅሙ ይበዛል ማለት አይደለም፤ ለውዝ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ቢደርቅ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ፍሬውም ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን ልክ የሚያገኘው የብዙ ዓመት ምርመራ ነው።

የማስቀመጫውም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ በካሜሩን አገር የአተር ዓይነት ለሆነው ለካውፒ ብለው አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ሠሩ። ሁለቱ የውስጥ ድርቦች ወፍራም ላስቲክ፣ ሦስተኛው በውጭ ያለ ጠንካራ ጆንያ ነው። አፉ በሚገባ ሲታሰር ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ከዚያም መብላቱን ትቶ ይሞታል፤ መርዝ መጨመርም አያስፈልግም። ከረጢቱ ለማሽላና ለበቆሎም ይሆናል። ሆኖም ከረጢት ነቀዝን ይገድላል እንጂ እርጥብ እህልን አያደርቅም። ውኃው ሳይወጣ የታሰረ እህል በከረጢቱ ውስጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ ማድረቅ ይቀድማል፣ ማሰር ይከተላል።

ይህን ሁሉ ወደ ገበሬው አውድማ ማድረስ የአስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና የሰፋፊ እርሻ ባለቤቶች ፈንታ ነው። አንደኛ፣ የብድርና የግብር መክፈያ ጊዜ ከመከሩ ቀን ጋር ተጣብቆ ገበሬው እርጥቡን ለመሸጥ እንዳይገደድ፣ የማድረቂያ ሳምንታት ቢሰጡት ይገባል። ሁለተኛ፣ በገበያ ስፍራ ውኃ የተረጨበት ለውዝ እንዳይሸጥ፣ ደረቁም ከእርጥቡ የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ ድካሙ ዋጋ ካላገኘ ማንም አይደክምምና። ሦስተኛ፣ መለኪያ መሣሪያ በሌለበት የማሽላና የበቆሎ እርጥበት በጨው እንዲፈተን ማስተማር ነው፤ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው አድርጎ ሲነቀነቅ ጨው ከጠርሙሱ ጋር ከተጣበቀ፣ እህሉ ከመቶ 15 እጅ በላይ ውኃ አለበትና ለጎተራ አልደረሰም። አራተኛ፣ ለእናቶች የሻገተ ለውዝ ለልጅም ለላምም እንደማይሰጥ፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ በበርታም በጉሙዝም በሌላውም፣ ማስታወቅ ነው።

ከእነዚህ አራት ነገሮች ብዙ ወጪ የሚጠይቅ የለም። የምርምር ሰው ከዓመታት ድካም በኋላ መጽሐፉን ጽፎ ማዕርጉን ይቀበላል፤ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ቢቀር ግን የአሶሳ ገበሬ ከዕውቀቱ አንዳች አላገኘም። የመጪው ጥቅምት ለውዝ ሳይነቀል በየቀበሌው ጥቂት የሽመል ቆጦች ቆመው ቢታዩ፣ ያ ምርምር ፍሬ ለመስጠቱ ምስክሮች እነርሱ ይሆናሉ።