በመማሪያ መጽሐፍ ቦታ ኢ-ሪደር

ኢ-ሪደር ለንባብ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው። አብዛኛው ከ200 ግራም ብዙም አያልፍም፤ ገጹ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ስድስት ወይም ሰባት ኢንች ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይይዛል፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለሳምንታት ይሠራል።

ትምህርት ቤቶች ይህን መሣሪያ ሲያስቡ የሚሠሩት የመጀመሪያ ስህተት እንደ ደካማ ታብሌት መቁጠር ነው። ቀለም የለውም፣ ቪዲዮ አያጫውትም፣ ይዘገያል ይባልና ገንዘቡ ታብሌት ይገዛበታል። ሁለቱ ግን የሚሠሩበት መንገድ ጨርሶ የተለያየ ነው። አብዛኛው ታብሌት ከስክሪኑ ጀርባ መብራት ስላለው ተማሪው የሚያየው በቀጥታ ወደ ዓይኑ የሚመጣ ብርሃን ነው። ኢ-ሪደር ግን የሚነበበው ከውጭ መጥቶ ገጹ ላይ ባረፈ ብርሃን ነው። ለማረጋገጥ ሁለቱን ይዞ ቀትር ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ መውጣት ይበቃል፤ የታብሌቱ ስክሪን ጠቁሮ የያዘውን ሰው ፊት መልሶ ሲያሳይ፣ የኢ-ሪደሩ ፊደል ከቤት ውስጥ ይልቅ ፏ ብሎ ይታያል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። በኋላ የወጡት ሞዴሎች ከጠርዝ ወደ ገጹ የሚያበራ ትንሽ መብራት የተጨመረላቸው ለዚህ ነው።

ቴክኖሎጂው ኢ-ኢንክ ይባላል። የተጸነሰው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ነው። የላቡ መምህር ጆሴፍ ጃኮብሰን፣ ባሬት ኮሚስኪና ጄ. ዲ. አልበርት ከተባሉ ተማሪዎች ጋር የሠሩት ሥራ በ1997 እ.ኤ.አ. ኩባንያ ወለደ። ሶኒ በ2004 ሊብሪዬን፣ አማዞን በ2007 ኪንድልን ለገበያ አቀረቡ፤ የመጀመሪያው ኪንድል ዋጋ 399 ዶላር ነበር።

ገጹ ውስጥ እያንዳንዳቸው የፀጉር ውፍረት የሚያህሉ እጅግ ብዙ ከረጢቶች ተደርድረዋል። በየከረጢቱ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ የግድግዳ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር። ነጮቹ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሮቹ ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው። ከሥር ያለው የትራንዚስተር ንጣፍ አንዱ ቦታ ላይ ኔጋቲቭ ሲሆን ጥቁሮቹን ወደ ላይ ይገፋል፣ ነጮቹን ወደ ታች ይስባል፤ ቦታውም ይጠቁራል። ሲገለበጥ ይነጣል። የ«ሀ» ቅርጽ ገጹ ላይ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ እውነተኛ ጥቁር ብናኝ እውነተኛ ነጭ ብናኝ መሀል ቆሞ።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጸጋ ቅንጣቶቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለመቆየት ኤሌክትሪክ አለመፈለጋቸው ነው። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ የመጨረሻው ገጽ እንደታየ ይቀራል። የጠርዙ መብራት ካልበራ፣ ኃይል የሚወስደው ገጽ መግለጡ እንጂ ማንበቡ አይደለም፤ አንድን አንቀጽ ሩብ ሰዓት ትኩር ብሎ የሚያጠና ተማሪ ከባትሪው የሚወስደው ከቁጥር የማይገባ ነው። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት፣ ወይም አንድ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ብቻ ባለበት ትምህርት ቤት ይህ ትርጉሙ ትልቅ ነው። አርባ ታብሌቶች በየቀኑ አርባ ሶኬት ይፈልጋሉ፤ አርባ ኢ-ሪደሮች ግን ተራ በተራ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂቱ ቢሞሉ ይበቃቸዋል። ኃይል የሚበላውን ዋይፋይ ሌት ተቀን ከፍቶ «ባትሪው አይቆይም» ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ገጽ ሲገለጥ ስክሪኑ ለቅጽበት ጥቁር ብልጭ የሚለውም ብልሽት አይደለም። የቀደመው ገጽ ጥላ እንዳይቀር ቅንጣቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ይገለበጣሉ፤ ደህናውን መሣሪያ በዚህ ምክንያት ወደ ጠጋኝ መውሰድ አያስፈልግም።

ድክመቱም ከዚያው ገጽ ይመጣል። በአብዛኞቹ ሞዴሎች የትራንዚስተሩ ንጣፍ የተሠራው በስስ መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ያለው ከውስጥ ስለሆነ፣ የላዩ ፕላስቲክ ጭረት ሳይነካው ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰበረ ኢ-ሪደር ምልክቱ ይታወቃል፤ የገጹ ግማሽ አዲሱን ምዕራፍ ሲያሳይ ሌላው ግማሽ ስብራቱ የደረሰበትን ቀን ጽሑፍ ይዞ ደርቆ ይቀራል፣ በመሀሉም ቀጫጭን መስመሮች ይወርዳሉ። «አልጣልኩትም» የሚለው ተማሪ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። መሣሪያውን የሚገድለው ከመውደቅ ይልቅ ጫና ነው፤ በሽፋኑና በገጹ መካከል የተረሳ እስክሪብቶ፣ የተቀመጡበት ቦርሳ፣ ከደብተርና ከምሳ ዕቃ ሥር የገባ መሣሪያ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ለተማሪው ሳያሳዩ ማደል፣ በኋላም ተማሪውን መቅጣት፣ የአስተዳደሩ ጥፋት ነው።

የስብራቱን ክብደት ጋና አሳይታለች። ወርልድሪደር የተባለው ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረውና በዩኤስኤአይዲ የተደገፈው ሙከራ በምሥራቃዊ ክልል ስድስት ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ነበር። ተማሪዎቹ በኪንድል ከመማሪያ መጽሐፍ በተጨማሪ የጋና ደራስያንን ታሪኮች ጭምር አገኙ፤ በመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድም የንባብ መሻሻል ታየ። አስቀድሞ የተፈራው ስርቆት ነበር፤ የጠፋው ግን እጅግ ጥቂት ሆነ። ከመሣሪያዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ግን ተሰበሩ። ከዚያ በኋላ ጠንከር ያለ አካልና ሽፋን፣ እንዲሁም የአያያዝ ትምህርት የፕሮግራሙ አካል ሆኑ።

ኢ-ሪደር የትኛውን መጽሐፍ ይተካል የሚለው ጥያቄ በቂ ትኩረት አያገኝም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተርታ ለሚነበብ ጽሑፍ፣ ማለትም ለልብወለድ፣ ለተረት፣ ለታሪክ፣ ለግለ ታሪክ፣ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በትምህርት ቤት ዋጋ አይገኝም። መማሪያ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይነበብም። የሒሳብ ተማሪ ጥያቄውን እያየ፣ አንድ ጣቱን በቀመሩ ላይ፣ ሌላውን በመልሱ ገጽ ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይገልጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. መኸር ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ትልቁን ኪንድል ዲኤክስ በሦስት ኮርሶች ሲሞክር የሚታተመው ወረቀት በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ተማሪዎቹ ግን ማስታወሻ መጻፉና ገጽ ማገላበጡ አልተመቻቸውም። አነ ማንገን የተባሉት የኖርዌይ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ደግሞ 28 ገጽ የሚሆን ታሪክ ለግማሾቹ አንባቢዎች በወረቀት፣ ለግማሾቹ በኪንድል ተሰጠ። በአብዛኛው መለኪያ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ፤ የኪንድል አንባቢዎች ወደኋላ የቀሩት የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል በማስታወስ ነበር። በእጅ የሚዳሰሰው የወረቀት ግራና ቀኝ ውፍረት በታሪኩ ውስጥ የት እንደደረሱ ይነግራል፤ ኢ-ሪደር ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ኢ-ሪደር በመጀመሪያ ሊገባበት የሚገባው ቦታ፣ ዛሬ ባዶ መደርደሪያ ያለበት የክፍል ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የሒሳብና የጂኦግራፊ መጽሐፍ በወረቀት ቢቆይ ይሻላል።

ይህም ሆኖ መማሪያ መጽሐፍ ይጫን ከተባለ ፋይሉ በአግባቡ መዘጋጀት አለበት። አዲሱ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተሙት መጻሕፍት በብዙ ቦታ በጊዜ ስላልደረሱ ተማሪዎች ሶፍት ኮፒውን ከቴሌግራም እያወረዱ በስልክ አነበቡ። ያ ሶፍት ኮፒ ፒዲኤፍ ነው፤ ፒዲኤፍ ደግሞ የገጽ ሥዕል ነው ማለት ይቻላል። 21 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የኤ4 ገጽ 9 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ሲጨመቅ፣ 12 ነጥብ የነበረው ፊደል 5 ነጥብ ያህል ይሆናል። በዚያ መጠን የላቲን ፊደል በመከራ ይነበባል፤ የእኛ ፊደል ግን ከነጭራሹ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ቢንና ቤን፣ ሊንና ሌን የሚለየው ከእግሩ ሥር ያለች ቅጥያ ብቻ ናት። ገና ፊደል እየለየ ላለ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይህን ሰጥቶ «ኢ-ሪደር አይነበብም» ማለት መሣሪያውን መበደል ነው።

ትክክለኛው ኢፐብ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ ተማሪው ፊደሉን ሲያጎላ መስመሩ ራሱን እንደገና ያስተካክላል፣ የአማርኛ ፎንትም አብሮ ይታሸጋል። ለዚህ ግን ጽሑፉ የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው በዩኒኮድ የተተየበ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በብዙ ማተሚያ ቤቶችም ከዚያ በኋላ፣ በቆዩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየበው ጽሑፍ ወደ ኢፐብ ሲዛወር የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ አድካሚ ቢሆንም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ከግዢው በፊት ሊታሰቡ ይገባል። በ2009 እ.ኤ.አ. ኪንድል ዲኤክስን የሞከረው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዓይነ ስውራን ማኅበር ተከሷል፤ መሣሪያው መጽሐፉን በድምፅ ቢያነብም ወደ መጽሐፉ የሚያደርሰውን ማውጫ አያነብም ነበርና። ጉዳዩ በ2010 በስምምነት ተዘጋ። ለአማርኛ ደግሞ ድምፁ ራሱ ተሞክሮ መታየት አለበት።

በመጨረሻ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። የታተመ መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ከኩባንያ መደብር የተገዛ ዲጂታል መጽሐፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የመብት ችግር የተገኘባቸውን የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ከአንባቢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት ሲያጠፋ፣ አንድ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለትምህርት ቤት ሥራው የያዘው ማስታወሻ የቆመበት ጽሑፍ ጠፍቶ ዋጋ አጣ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ውል የሚዋዋል ትምህርት ቤት ፋይሉ በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ፣ መሣሪያ ሲሰበር ወደ ሌላ እንዲዛወር፣ ውሉም ሲያልቅ መጽሐፉ እንዳይዘጋ አስቀድሞ ማስጻፍ ይኖርበታል።